የዘጌ ቡና ተጠምቶ ያብባል፣ የእኔ ጠጥቶ ለምን እምቢ አለ?

ባሕር ዳር ያላችሁ ይህን የጥያቄና መልስ ክር ሳታዩት አትቀሩም። መልሱ ከሃያ አልፏል። መሀል ላይ የእምቦጭ ጭቅጭቅ ገብቶበታል፣ ሁለት ሰዎችም ተኳርፈው ወጥተዋል። ቢሆንም ውስጡ ጥሩ ነገር አለ፤ ዘግይታችሁ ለምትገቡ ላሳጥርላችሁ። የሰዎቹን ቃል አልገለብጥም፣ ያሉትን በራሴ አባባል ነው የምነግራችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው የአንዲት የከተማችን ሴት ጥያቄ ነው። ጓሮዋ ውስጥ ከዘጌ ያመጣቻቸውን የቡና ችግኞች ተክላለች። አድገዋል፣ ቅጠላቸው ያብረቀርቃል። ማታ ማታ በጎማ ታጠጣቸዋለች። አበባቸው ግን አያምርም፤ አንድ ሁለት እዚህ፣ ሦስት እዚያ እያለ ዓመቱን ሙሉ ይንጠባጠባል። ዘጌ ያሉት የአክስቷ ዛፎች ደግሞ በበጋው ጠብታ ውሃ የሚሰጣቸው የለም። ቅጠላቸው ጠውልጎ ይከርማል። የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ በአሥር ቀን ገደማ ግን ጫካው ባንዴ ነጭ ይለብሳል። እሷ እየተንከባከበች፣ እነሱ እየተጠሙ፤ ይሄ ነገር እንዴት ነው? ነው ጥያቄዋ። መጨረሻ ላይ ደግሞ የጂን ጉዳይ ይሆን እንዴ የምትል ነገር ጣል አደረገች። ክሩን ያስረዘመችው ይህች ናት።

1ኛው መልስ ዩሪያ ጨምሪበት የሚል ነበር። አጭር፣ በራሱ የሚተማመን፣ ስሕተት። 2ኛው ሳይውል ሳያድር አረመው፤ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ ዛፍ ናይትሮጅን አላነሰውም፣ ብትጨምሪበት የምታገኚው ተጨማሪ ቅጠል ነው አላት።

3ኛው መልስ ከዘጌ የመጣ ነው። ጸሐፊው በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፣ ከፊደሉ ግድፈት እንደገመትኩት በልጅ ልጃቸው ስልክ ነው የሚጽፉት። ልጄ ብለው ጀምረው፣ አበባው የለም ብላ እንዳታዝን መከሯት። ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ጠጋ ብላ እንድታይ ነገሯት። እንቡጡ እዚያ አለ፣ ተዘግቶ ተቀምጧል። በጋውን እንደዚያው ይከርማል፤ ደህና አድርጎ ሳይጠማው አይነቃም። የእሷ ዛፍ ስላልተጠማ የሚጠብቀው ነገር የለውም። ከዚህ በላይ አልጻፉም። እኔ በበኩሌ ከእሳቸው በኋላ የመጣው ሁሉ የእነዚህ መስመሮች ማብራሪያ ነው ባይ ነኝ።

4ኛዋ የእፅዋት ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ያለች ተማሪ ናት፣ አባባ ልክ ናቸው ብላ ገባች። የቡና እንቡጥ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ሲደርስ እድገቱን ያቆማል፣ ይተኛል። ፓውሎ አልቪም የሚባል ብራዚላዊ ተመራማሪ በ1960 ባወጣው ጽሑፍ ቡና ለማበብ የውሃ እጥረት እንደሚያስፈልገው አሳይቷል። አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ እንቡጡ እንደተኛ ይቀራል፣ ወይም አንዳንዱ ብቻ ሲፈልግ ይከፈታል። ብራዚል ውስጥ ሴራዶ በሚባለው አካባቢ ቡናን በመስኖ የሚያለሙ ሰዎች ይህንን ስለሚያውቁ፣ በደረቁ ወቅት ለሁለት ወር ያህል ውሃውን ሆን ብለው ያቋርጣሉ። አበባው ባንዴ ከወጣ ፍሬው ባንዴ ይቀላል፣ ለቀማውም ባንዴ ያልቃል።

ቀጥላም ወደ ውስጡ ገባች። ተክል ሲጠማ አብሲሲክ አሲድ የሚባል ሆርሞን ይሠራል። ቅጠል ላይ ያሉትን ጥቃቅን መተንፈሻ ቀዳዳዎች የሚያዘጋቸው እሱ ነው። በሰላሙ ጊዜ የድርቅ ማንቂያውን ፕሮቲን አንድ ሌላ ፕሮቲን አፍኖ ይይዘዋል። ሆርሞኑ ሲመጣ ከተቀባዩ ጋር ይጣበቃል፣ ሁለቱ ሆነው አፋኙን ይይዙታል። ማንቂያው ነጻ ይወጣል። ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ፣ በርካታ ጂኖችም ሥራ ይጀምራሉ። ይህ ተቀባይ ማን እንደሆነ ሳይንቲስቶቹ ሲጨቃጨቁ ኖረው የተስማሙበትን ያገኙት በ2009 ነው። ዝናብ ሲመጣ ሆርሞኑ ይቀንሳል፤ እንቡጡን የሚያሳድጉት ሌሎቹ፣ ጂበረሊንና ኤቲሊን፣ ተራቸው ይሆናል። ከዚያ በኋላ እንቡጡ በቀናት ውስጥ ብዙ እጥፍ ያድጋል።

5ኛው ሰውዬ ትዕግሥት የለውም። የተጠየቀው ጂን ነው፣ አንቺ የምታወሪው ስለ ሆርሞን ነው፣ የታል ጂኑ? የሚል ይዘት ያለው ነገር ወረወረ። አነጋገሩ ደስ አይልም፣ ጥያቄው ግን ተገቢ ነው።

ተማሪዋ 6ኛውን መልስ የጻፈችው እልህ ይዟት ይመስለኛል፤ የክሩ ረጅሙ እሱ ነው። ሆርሞን ትእዛዝ ያደርሳል፣ ትእዛዙን ተቀብሎ የሚፈጽመው ጂን ነው ብላ ተነሳች። ቀጥላ ስለ አራቢዶፕሲስ አወራች። የጎመን ዘር ዘመድ የሆነች ኢምንት አረም ናት፣ የዓለም የአበባ ጥናት ግማሹ የተሠራው በእሷ ላይ ነው ማለት ይቻላል። አበባ የሚያወጣው ቀንበጥ ጫፉ ላይ ነው፣ የቀኑን ርዝመት የሚለካው ግን ቅጠሉ ነው። ታዲያ ቅጠሉ ለጫፉ እንዴት ይነግረዋል? ሚካኤል ቻይላኽያን የሚባል የሶቪየት ሳይንቲስት በ1930ዎቹ ከቅጠል ወደ ጫፍ የሚጓዝ አንድ ነገር መኖር አለበት አለ፣ ፍሎሪጅን ብሎም ሰየመው። ነገሩ ሳይያዝ ሰባ ዓመት ገደማ አለፈ። በ2007 በአራቢዶፕሲስና በሩዝ ላይ የሠሩ ቡድኖች ተጓዡ ኤፍቲ ከሚባለው የጂን ቤተሰብ የሚሠራ ፕሮቲን መሆኑን አሳዩ። ቅጠሉ ላይ ይሠራል፣ ስኳር በሚተላለፍበት ቧንቧ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ አጋሩን አግኝቶ የአበባ ጂኖችን ይቀሰቅሳል። ሌላም ጂን አለ፣ ኤፍኤልሲ ይባላል፣ ሥራው ማበብን መከልከል ነው። ተክሉ ክረምቱን በብርድ ካላሳለፈ ይህ ጂን አፉን አይዘጋም።

7ኛው መልስ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ነው፣ ለእኔ የክሩ ምርጥ እርማት። ተማሪዋን ካመሰገኗት በኋላ፣ የሰጠችው ምሳሌ የአውሮፓ አረም መሆኑን አስታወሷት። እዚያ በጋና ክረምት በቀን ርዝመት ሰማይና ምድር ናቸው፤ ብርዱም ብርድ ነው። ባሕር ዳር ላይ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ከሩብ ብዙም አይዘልም። ቡና ደግሞ አጭር ቀን ወዳድ ይባላል፣ እንቡጥ እንዳይቋጥር የሚያግደው ቀኑ ከ13 እስከ 14 ሰዓት ያለውን ሲያልፍ ነው። እኛ ጋ ቀኑ 13 ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ለዘጌ ቡና ፀሐይ የምትነግረው ወሬ የለም። ወራቱን የሚለይበት ሌላ ነገር ያስፈልገዋል፤ እሱም ውሃ ነው። ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም በሚጥልበት አገር፣ ከረጅም ድርቀት በኋላ የመጣ ዝናብን መጠበቅ አስተማማኝ ቀጠሮ ነው። ጠያቂዋ በጎማዋ ይህን ቀጠሮ ሰርዛበታለች።

ይህን መልስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ትምህርት ቤት አበባን አንድ ምዕራፍ፣ ድርቅን መቋቋምን ሌላ ምዕራፍ አድርገን ነው የተማርነው። ቡናው ላይ ግን ጥሙ ራሱ የአበባው ሥራ አካል ነው። ደራሲዎቹ ምን ነካቸው?

8ኛው ከአበባ እርሻ የመጣ ልጅ ነው፣ ጽጌረዳ ላይ ነው የሚሠራው። ስለ ቡና ምንም አላለም። ልቡን የገዛው ሌላ ነገር ነው፦ የገበያው ጽጌረዳ ለምን ያን ሁሉ የአበባ ቅጠል ይደራርባል? የጫካው ቀጋ እኮ ጽጌረዳ ነው፣ ነጭ ቅጠሉ ግን 5 ብቻ ነው። የሚያውቀውን ጠየቀና ራሱ መለሰው። አበባ ከውጭ ወደ ውስጥ በአራት ቀለበት ይሠራል፤ አረንጓዴው ሽፋን፣ ቀለማሙ ቅጠል፣ ወንዴው፣ ሴቴው። ኤንሪኮ ኮየንና ኤሊዮት ማየሮዊትዝ በ1991 እንዳስረዱት ይህን የሚወስኑት ሀ፣ ለ እና ሐ ብለን ልንጠራቸው የምንችል ሦስት የጂን ቡድኖች ናቸው። ሀ ብቻውን ሽፋኑን ይሠራል። ሀ እና ለ ሲገናኙ ቀለማሙ ቅጠል ይወጣል። ለ እና ሐ ወንዴውን፣ ሐ ብቻውን ሴቴውን። ሐ ከጠፋ ወንዴ መሆን የነበረበት ቀለማም ቅጠል ሆኖ ቁጭ ይላል። ሐ የማቆሚያም ትእዛዝ ስለሆነ፣ እሱ በሌለበት መሀሉ ላይ ሌላ አበባ እንደገና ይጀምራል። ጽጌረዳው ላይ ሐ ጨርሶ አልጠፋም፣ ግዛቱ ወደ መሀል ጠበበ እንጂ። የተለቀቀውን ቦታ ቅጠል ወረሰው። ፍቅረኛሞች በልደት ቀን የሚሰጣጡት የተፈናቀለ ወንዴ ነው ብሎ አሳቀን።

ከ9ኛ እስከ 13ኛ ያሉትን ብትዘሏቸው አይጎዳችሁም። አንዱ፣ ስለ አበባ ካወራን አይቀር ጣናን የወረረው ሐምራዊ አበባ ለምን ይረሳል ብሎ እምቦጭን አነሳ። በቃ፣ ባሕር ዳር ላይ እምቦጭ ከተነሳ ሌላ ወሬ የለም። ጣና ላይ ከታየበት ከ2011 ጀምሮ የነበረው ዘመቻ ሁሉ ተነሳ። አንዱ ዘመቻው ፎቶ ለመነሳት ነበር አለ፣ ሌላው እጁ እስኪላጥ መንቀሉን ተናግሮ ተቆጣ። እነዚህ ናቸው የተኳረፉት። ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው 12ኛው ነው፣ መምህሩ የጻፉት። የእምቦጭ አበባ ከተዳቀለ በኋላ ዘንጉ ጎንበስ ብሎ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ዘሩንም እዚያ ያረግፋል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ አበባው እያማረ ሲመጣ ጠብቆ መንቀል ዘግይቶ መድረስ ነው።

14ኛው መልስ ወደ ጉዳዩ መለሰን፣ በሌላ በር ግን። የፎገራ ልጅ ነው፣ ቤተሰቦቹ ሩዝ ያመርታሉ። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ማሳቸው ላይ ውሃ ይተኛል፤ ሁለት ሦስት ቀን ከሆነ ሩዙ ይችለዋል፣ ከሰነበተ ግን ይበሰብሳል። ቡና በጥም ካበበ ሩዝ በውሃ ብዛት የሚያብብበት ዘዴ የለም ወይ ብሎ ቀለደ። ቀልዱን ማንም አልሳቀለትም፣ ተማሪዋ ግን የተሻለ ነገር ይዛ መጣች።

15ኛው መልስ የእሷ ነው። ውሃ የተኛበት ተክል ውስጥ ኤቲሊን ይጠራቀማል፤ ጋዝ ስለሆነ ውሃው መውጫ ያሳጣዋል። ሙዝ የሚያበስለው፣ ቡናው ላይም ከዝናቡ በኋላ ሥራ ያለው ያው ኤቲሊን ነው። ተራ ሩዝ ይህን ምልክት ሲያይ ከውሃው በላይ ብቅ ለማለት ይሳባል፣ ያለውን ስኳር ጨርሶ ይሞታል። በ2006 ሰብ ዋን ኤ የሚባለው ጂን ከአንድ የቆየ የሕንድ ሩዝ ተለየ። ይህ ጂን ያለው ሩዝ ጎርፍ ሲመጣ እድገቱን ያቆማል፤ ክረምቱ እስኪወጣ ጎተራውን ቆጥቦ እንደሚበላ ቤተሰብ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሁለት ሳምንት ገደማ ተውጦ ቆይቶ ውሃው ሲሸሽ እንደገና ያቆጠቁጣል። በ2009 ደግሞ ስኖርክል የተባሉ ሁለት ጂኖች ተገኙ። እነሱ ያሉት በጥልቅ ውሃ በሚበቅል ሩዝ ላይ ነው፣ ትእዛዛቸውም ተቃራኒ ነው፦ ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር አንተም ተሳብ። የሚገርመው፣ የሁለቱም ወገን ጂኖች የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፣ ሁለቱንም የሚቀሰቅሳቸው ኤቲሊን ነው። ጎርፉ ፈጥኖ በሚሸሽበት ቦታ የመጀመሪያው ያዋጣል፣ ወራት በሚቆይበት ሁለተኛው። ለፎገራ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የውሃው ቆይታ ነው አለችው። ልጁ ይህን አልጠበቀም መሰለኝ፣ ለረጅም ጊዜ መልስ አልሰጠም።

16ኛው አጋጣሚውን ጠብቆ ገባ። ጂን የሚባል ነገር ሁሉ የፈረንጅ ተንኮል ነው፣ ዘራችንን ሊቀሙን ነው፣ እናንተም የተማራችሁ ተላላኪዎች ናችሁ የሚል ነው። ስድቡን እተወዋለሁ። 17ኛው እንደዚያው ተሳደበ። መምህሩ 18ኛውን የጻፉት ቆጣ ብለው ነው፦ ሰብ ዋን ኤ ወደ ሌሎች የሩዝ ዝርያዎች የገባው በማዳቀል ነው፤ ሩዝን ከሩዝ ጋር አዳቅሎ፣ ጂኑ መግባቱን እየመረመሩ መልሶ በማዳቀል። ከባዕድ ፍጡር የተወሰደ ነገር የለበትም። የዘር ባለቤትነት ስጋት የራሱ ክርክር ያለው ቁም ነገር ነው፣ ግን ያልሆነውን ሆነ ብሎ መነሳት ክርክሩን ያበላሸዋል አሉ። ተማሪዋን ተላላኪ ያለው ሰው ይቅርታ እንዲጠይቅም አሳሰቡ። አልጠየቀም።

19ኛው የዘጌን ታሪክ ይዞ መጣ። አቡነ በትረ ማርያም ቡና፣ ሎሚና ጌሾ ለአገሩ ሰው እንደሰጡት፣ ዘጌ ላይ እንዳይታረስና ከብት እንዳይረባ እንዳዘዙ የሚነገረውን። አበባው ባንድ ቀን የሚወጣው በጸሎታቸው ነው አለ። 20ኛው አንድ ወጣት አሾፈበት። ነገሩ ሊከር ሲል የዘጌው አባባ ተመለሱ። 21ኛው መልሳቸው ሁለቱንም ዝም አሰኘ። ጸሎቱን ለሚያምን ይተውለት፣ አለመታረሱ ግን ለዓይን የሚታይ ነው ብለው አስረዱ። ስላልታረሰ ጫካው ቀረ፣ ጫካው ስላለ ቡናው ጥላ ሥር ነው። ጥላ ሥር ያለ ቡና አበባው ሜዳ ላይ ካለው ያንሳል፣ ግን ዛፉ አንድ ዓመት ተሸክሞ በሚቀጥለው አይደክምም።

22ኛው ላይ ጠያቂዋ ራሷ ብቅ አለች። ሰው ሁሉ ሲጣላ ቆይቶ እሷ ፎቶ ይዛ መጣች። ከዛፎቿ አንዱ፣ የቆርቆሮ አጥሩ ጥግ ያለው፣ ያወጣው አበባ ነጭ አይደለም። ትንሽ፣ አረንጓዴ፣ ደረቅ ያለ ኮከብ ነው የሚመስለው። 8ኛው ልጅ ደስታውን አልቻለም፤ ይኸው፣ ከሦስቱ ጂኖች አንዱ ተበላሽቶ ነው ብሎ ፈረደ። ተማሪዋ ቀስ በል አለችው። ጂኑ ቢበላሽ ኖሮ ዛፉ ሁልጊዜ እንደዚያ ያብብ ነበር፣ ጠያቂዋ ደግሞ አምና ጥሩ ነጭ አበባ ማየቷን ጽፋለች። ቡና አብቃዮች የኮከብ አበባ የሚሉት ይህ ነው፤ እንቡጡ ሲያድግ ሙቀት ሲበዛበት በቅጡ ሳይሠራ ይቀራል፣ ፍሬም አይዝም። ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮው ወበቅ ቀጥታ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ጥላ እንድታበጅለት መከረቻት።

23ኛው ጥያቄ የሎሚ ነው። ቡና በጥም ከሆነ ሎሚዬንም ላስጠማው ወይ ያለች ሌላ ሴት ናት። መምህሩ አዎ፣ ግን አሠራሩ ይለያል አሏት። ቡናው ላይ እንቡጡ ቀድሞ አለ፣ ጥሙ የሚያደርገው አንድ ላይ ለመንቃት ማዘጋጀት ነው። ሎሚ ላይ ግን ጥሙ ራሱ ተክሉን ወደ አበባ እንዲዞር ያደርገዋል፤ ቅድም የተባለው የኤፍቲ ዘመድ የሆነ ጂን ሎሚው ሲጠማ ይነሳሳል። ሲሲሊ ውስጥ ገበሬዎች በበጋ ሎሚውን አስጠምተው፣ ኋላ አጠጥተው ያለ ጊዜው የማስፈንዳት የቆየ ልማድ አላቸው። 5ኛው ሰውዬ ከተሰወረበት መጥቶ፣ ታዲያ ማንኛውም ተክል ሲጨነቅ ቶሎ ያብባል ማለት ነው ብሎ ደመደመ። የፎገራው ልጅ ነው ያረመው፤ የእነሱ ሩዝ ዝናብ ሲያጥረው ማፍራቱን ያዘገያል እንጂ አይቸኩልም። ተማሪዋ ልክ ነህ አለችው፣ ሩዝ ላይ በደንብ የታወቀ ነገር ነው።

24ኛውና የመጨረሻው ጉዳይ የጠያቂዋ ነው። ጎማውን ልጠቅልል፣ ግን እስከ መቼ? ዛፉን ብገድለውስ? አለች። ተማሪዋ ከለቀማው በኋላ ጀምሪ አለቻት፣ እስከ መጀመሪያው ዝናብ። የዘጌው አባባ ደግሞ ቀን ቆጠራውን ትታ ቅጠሉን እንድታይ ነገሯት። ቀትር ላይ ጠውልጎ ማታ ከተነሳ ደህና ነው። ጠዋት ስትነሳም እንደጠወለገ ካገኘችው በዝቶበታል፣ አንድ ባልዲ ትስጠው። ከዚያ በታች የገባው ሁሉ የችግኝ ዋጋ ነው።